ስንት አባል አለው?

ድሮ ድሬ ላይ ሰላምታ ረጅም ነበር። "እንዴት ነህ አቦ፣ ሰላም ነው? ቤተሰብ ሰላም?" ይባላል፤ ሻይ እስኪቀርብ አያልቅም። አሁን ጊዜ ቆጣቢ ሆነናል። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ሁለት ወጣቶች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚጠያየቁት "አንተ ያለህበት ግሩፕ ስንት አባል አለው?" ነው። የክሪፕቶ ግሩፕ ማለታቸው ነው፤ ቴሌግራም ላይ ስለ ዲጂታል ሳንቲም የሚወራበት። ይህን ልማድ የሚተቹ አሉ። እኔ ሳላመሰግን አላልፍም።

ልብ በሉ፣ ጥያቄው ስለ ሳንቲሙ አይደለም። ሳንቲሙን ማን ሠራው፣ ብዛቱ ስንት ነው የሚል ሰው ገና ጀማሪ ነው። ቢትኮይን የሚባለው ሳንቲም ከ21 ሚሊዮን እንደማያልፍ ማወቅ ለማን ይጠቅማል? ዋናው የግሩፑ ልክ ነው። ሲበዛ ማንም አይሰማህም፣ ሲያንስ ለሰው ለመናገር ያሳፍራል። እንደ ጫማ ነው በቃ። ጫማ ሲጠብህ ግን ታወልቀዋለህ።

ጎረቤቴ ልኩን ፍለጋ ሦስት ዓመት ፈጅቷል። ጽናቱ ይገርመኛል። ባጃጅ ነበረው። አዎ፣ ነበረው።

መጀመሪያ ትልቁ ውስጥ ገባ። ቴሌግራም ለአንድ ግሩፕ የሚፈቅደው 200,000 ሰው ነው፤ ያ ግሩፕ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በርጫ ላይ ተቀምጠን፣ ከታይዋን ገበያ የገዛውን ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ ወደ እኔ አዞረው። "እስቲ እየው! ይሄ ሁሉ ሕዝብ ወላሂ ይሳሳታል?" አለኝ። አየሁት። ኦንላይን ያለው 43 ሰው ነው። ግማሹ የሮኬት ሥዕል ይለጥፋል። ሌላው "ጉድ ሞርኒንግ" ይላል፤ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ። ቦት፣ ያ ሰው መስሎ የሚጽፍ ፕሮግራም፣ መቼም እንቅልፍ የለው፣ መቼ እንደነጋ በምን ይወቅ?

ስልክ እየጠበጠቡ ሳንቲም የሚሰበስቡበት ጨዋታ፣ ሃምስተር ኮምባት፣ የመጣ ጊዜማ ደስታው ወሰን አልነበረውም። አውራ ጣቱ እስኪላጥ ስልኩን ጠበጠበ። የጨዋታው ባለቤቶች ተጠቃሚያችን ከ300 ሚሊዮን በላይ ነው ብለው ነበርና፣ ከዚህ የሚበልጥ ማኅበር ከየት ይመጣል? ሳንቲሙ የታደለው መስከረም 16 ቀን 2017፣ በደመራ ዕለት ነው። ጎረቤቴ የደረሰውን አየና "ለችቦ እንኳን አይበቃም" አለ።

ስለዚህ ወደ ትንሹ ዞረ። ቪአይፒ፣ 12 ሰው ብቻ፣ መግቢያው በዩኤስዲቲ፣ በዶላር ልክ በተሠራው ዲጂታል ሳንቲም። እዚያ ሲግናል፣ "አሁን ግዛ፣ አሁን ሽጥ" የሚለው ምክር፣ ከመውጣቱ በፊት ይደርሳል አሉ። ከአባላቱ ሦስቱ "ፕሮፊት" ለማለት "ፐሮፊት" ብለው ነው የሚጽፉት። ሦስቱም እኩል ይገባሉ፣ እኩል ይወጣሉ። ነገርኩት። "አየህ አንድነታቸውን?" አለኝ።

የሚያሳዝኑኝ እናቱ ናቸው። የሰፈር ዕቁብ ዳኛ ናቸው፤ 30 ሰው ይዘው ዓመታት ቆዩ፣ ቁጥሩ በአንድ ሰው እንኳን አላደገም። ጸሐፊው ደብተር ይዞ ይመጣል። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ካልጠራ ብር አያይም። የዳኛዋን ቤት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ገንዘብ ቢጎድል ሌሊትም ቢሆን በሩ ይንኳኳል። እንዲህ አድርጎ መጠራጠር ምን ይባላል?

ቢትኮይንን የፈጠረው፣ ሳቶሺ ናካሞቶ የሚባለው ሰው (ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም፤ ዕቁብ ቢገባ ዋስ ያጣ ነበር) በፈረንጆቹ 2008 ያቀረበው ሐሳብ ግልጽ ነው። ገንዘብ ከሰው ወደ ሰው ሲሄድ መሃል ላይ የሚታመን ሦስተኛ ወገን አያስፈልግም ነው የሚለው። የእኛ ልጆች አሻሻሉት። ሁለተኛውንም ወገን ሳያዩት ይልካሉ። እኔም ብሆን እያወራሁ 14 ግሩፕ ውስጥ አለሁ፤ ከአንዱም መውጣት አልቻልኩም። አንድ ነገር ቢያመልጠኝስ?

በመጨረሻ ጎረቤቴ ልኩን አገኘ። ሁለት ሰው። እሱና "ሰፖርት ነኝ" (የደንበኛ ረዳት ማለቱ ነው) ያለ አንድ ትሑት ሰው በውስጥ መስመር ተገናኙ። ሰውየው ትዕግሥተኛ ነው፤ "ወንድሜ" እያለ ነው የሚጽፈው። ትልቁ ግሩፕ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ በስሙ የጠራው አልነበረም። ዋሌትህን ላስተካክልልህ፣ 12ቱን ቃላት በቅደም ተከተል ላክልኝ አለው። ዋሌት የዲጂታል ሳንቲም ቦርሳ ነው፤ ቃላቱ ደግሞ ቁልፉ። ጎረቤቴ ቃላቱን የጻፈው የእናቱ የዕቁብ ደብተር ጀርባ ላይ ነበር። አንድም ስፔሊንግ ሳይስት ላከ። ይህን ያህል ጥንቃቄ ትምህርት ቤት እያለ አላየሁበትም።

ሰውየው ከዚያ በኋላ አልጻፈም። ዋሌቱም ባዶ ሆነ።

ተስፋ የቆረጠ ከመሰላችሁ ጎረቤቴን አታውቁትም። ባለፈው ሳምንት የራሱን ግሩፕ ከፈተ። አድሚኑ ራሱ ነው፤ እኔንም ሳይጠይቀኝ አስገባኝ። ሁለት ሆነናል። ትናንት ማታ ከአጥር ማዶ ጠራኝ።

"ስማ አቦ፣ ስንት ደረስን?"