ጠመንጃውን የሚመዘግብ ለባለቤቱም ይፈርም

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ አንድ ቤት፣ የሳሎኑ ጣሪያ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። ረፋድ ላይ ፀሐይ በቀዳዳዋ ገብታ ወለሉ ላይ የሳንቲም ያህል ብርሃን ታሳርፋለች፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ እዚያው ቦታ ሳህን ይቀመጣል። ቀዳዳዋን የበሳት በጥር ወር በሰፈሩ ሠርግ ላይ ለደስታ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ነው፤ ሲወርድ ቆርቆሮውን በስቶ፣ ኮርኒሱን ቀድዶ ከሶፋው ሥር ወደቀ። ቤቱ የእህቴ ነው። ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ መተኛት የምትወደው ትንሿ ልጇ የዚያን ቀን ከእናቷ ጋር ሠርጉ ቤት ነበረች።

ስለ መሣሪያ ቁጥጥርና ስለ ግለሰብ መብት ክርክር በተነሣ ቁጥር ይህች ቀዳዳ ትታየኛለች። «መሣሪያ መያዝ መብቴ ነው» የሚሉ ወገኖች ብዙ ጊዜ አሜሪካን ይጠቅሳሉ። እርግጥ ነው፣ በ1791 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሁለተኛ ማሻሻያ ይህን መብት በስሙ ጠርቶታል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2008 እ.ኤ.አ. መብቱ ቤቱ ውስጥ ራሱን ለመከላከል የሚሻ የእያንዳንዱ ግለሰብ መብት መሆኑን ወስኗል። ይኸው ውሳኔ ግን መብቱ ገደብ የለሽ እንዳልሆነ በግልጽ አስፍሯል። የእኛ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት እንዲህ ያለ አንቀጽ የለውም። በአንቀጽ 15 የማንኛውንም ሰው በሕይወት የመኖር መብት ይጠብቃል፤ ይህ መብት ደግሞ ጠመንጃ የያዘውን ብቻ ሳይሆን ያልያዘውንም፣ ሶፋ ላይ የምትተኛዋን ሕፃንም ያካትታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177ም መሣሪያ መያዝን በፈቃድ የሚገኝ ነገር አድርጎታል።

ሕጉ ይህ ከሆነ ክርክሩ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ያላበቃበትን ምክንያት ለመረዳት ግን ከከተማ ወጣ ማለት ያስፈልጋል።

ከዘንዘልማ ወዲያ የሚኖሩት አጎቴ ክላሻቸውን የገዙት ሁለት በሬ ሸጠው ነው። በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ከጎታው ጀርባ ያስቀምጡታል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አውጥተው ዘይት ይቀቡታል፣ ሰደፉን ይወለውሉታል። በሰው ላይ ቃታ ስበው አያውቁም። «አጎቴ፣ ለምን አያስመዘግቡትም?» ብዬ ስጠይቃቸው የመለሱልኝን አልረሳውም። «ልጄ፣ ሌሊት በረቴ ሲሰበር ጮኼ የምጠራው ማን አለኝ? ፖሊስ ጣቢያው በእግር ሁለት ሰዓት ነው። ዛሬ ቁጥሩን የጻፈብኝ ደግሞ ነገ አምጣ ሊለኝ ነው።»

ይህን ፍርሃት ኋላ ቀርነት ነው ብሎ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ስትወረን፣ ከዚያ ቀደም ባሉት ወራት እንግሊዝና ፈረንሳይ ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንዳይሸጥ ከልክለው ነበር፤ ወራሪው አገሩን ሲይዝም መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ የገበሬውን ጠመንጃ መሰብሰብ ነበር። በጎጃም በረሃ የተዋጋው አርበኛ የተረፈው ምንሽሩንና ውጅግራውን ደብቆ ስላቆየ መሆኑን የልጅ ልጆቹ ይነገራቸዋል። በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች በሌላ መልክ እንዲደራጁ ሲወሰን፣ ብዙ ሰው የሰማው «ተራው የእኔ ነው» የሚል መልእክት ነበር። ከዚያ ወዲህ ክልሉ የገባበትን መከራ ለባሕር ዳር ሰው መንገር አያስፈልግም። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለን ገበሬ መሣሪያህን አምጣ ማለት ፍሬ የሚያፈራ አይመስለኝም።

ሆኖም ጠመንጃው የተገዛበትን ጉዳይ እየፈጸመ ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ በቅንነት መጠየቅ አለብን። አጎቴ በገዙ በዓመቱ ጎረቤታቸው ገዙ፤ ቀጥሎም የጎረቤታቸው ወንድም። ቀድሞ በዱላ ተጀምሮ በሽማግሌ ያልቅ የነበረ የወሰን ጠብ አሁን ከተነሣ በደም ነው የሚያልቀው፤ ደም ደግሞ ደም ይጠራል፣ የሟች ልጅም ጥርስ ሳያወጣ ደም መላሽ ይባላል። የአጎቴ ባለቤት በጆሮዬ የነገሩኝ ይህን ነው፦ «ያ ጠመንጃ ቤት ከገባ እንቅልፌ ወጣ።» በዚህችው ከተማ ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና ሁለት ባልደረቦቻቸው በሥራ ቦታቸው በደረሰባቸው ጥቃት ሕይወታቸውን ሲያጡ፣ ግቢው ጥበቃ የሌለው ግቢ አልነበረም።

ስለዚህ እኔ ከማስፈታት በፊት ምዝገባ ይቅደም ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ነገር ግን ምዝገባው የሁለት ወገን ውል መሆን አለበት እላለሁ። አጎቴ መለያ ቁጥሩን ሲያስጽፉ ማኅተም ያለበት ቅጂ በእጃቸው ይቀበሉ። በቅጂውም ላይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መሣሪያው እንደማይወሰድ፣ አንድ ቀን ለሕዝብ ጥቅም ይሰብሰብ ቢባል ዋጋው አስቀድሞ እንደሚከፈል ይጻፍ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የግል ንብረት ሲወሰድ ካሳ በቅድሚያ ይከፈል ይላል፤ ሁለት በሬ የተሸጠበት ዕቃ ከዚህ የሚወጣበት ምክንያት አይታየኝም። አውስትራሊያ በ1996 እ.ኤ.አ. በፖርት አርተር 35 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ከ600 ሺህ በላይ መሣሪያ የሰበሰበችው ለባለቤቶቹ ዋጋውን ከፍላ ነው። እኛ የእነሱ ሀብትም ሰላምም የለንም፤ የከፈለ መንግሥት እንደሚታመን ግን ከእነሱ መማር እንችላለን።

ባለቤቱም በበኩሉ ይፈርም። መሣሪያውን ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ሊቆልፍ፣ ለሌላ ሰው ላያውስ፣ ቢሰረቅ በማግስቱ ሊያስታውቅ፣ ከእጁ ለወጣች እያንዳንዷ ጥይት መልስ ሊሰጥ ግዴታ ይግባ። የሠርግ ተኩስ ደግሞ አዋጅም ሰላምም ሳይጠበቅ ዛሬውኑ መቆም የሚችል ነገር ነው። የነፍስ አባቱ «በተኮሳችሁበት ድንኳን አልባርክም» ቢሉ፣ የሙሽራው አባት መሣሪያ ይዞ የመጣውን ሚዜ ከበር ቢመልሱት የሚቀርብን ደስታ የለም፤ እልልታውም ጭፈራውም እንዳለ ነው።

እህቴ ቤት ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ሙሽራው ወገን ይቅርታ ጠየቀ፣ ለቆርቆሮ መቀየሪያ የሚሆን ገንዘብም ሰጠ። «የተኮሰው ማን ነው?» ብላ ስትጠይቅ ግን እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ የዚያን ቀን ስንት ሰው መሣሪያ ይዞ እንደመጣ ከመካከላቸው የሚያውቅ አልነበረም። እሷም ገንዘቡን ተቀብላ፣ ቡና አፍልታ ሸኘቻቸው። ጥይቷን በጨርቅ ቋጥራ ቡፌው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣታለች።