ወፍራም ፊደል ያጣ ታፔላ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ለከፈትኩት የጨርቃ ጨርቅ መሸጫ ታፔላ ለማሠራት ሦስት ሳምንት ሙሉ ተመላልሻለሁ። የፈለግሁት ከመንገዱ ማዶ የሚነበብ፣ ደማቅና ወፍራም የአማርኛ ፊደል ብቻ ነበር። ማስታወቂያ ሠሪው ኒያላ በሚባል ፎንት (የኮምፒውተር የፊደል ቅርጽ) ጽፎ «ቦልድ» የሚለውን ተጫነና አሳየኝ፤ ኒያላ ግን የራሱ ወፍራም ቅርጽ ስለሌለው፣ ኮምፒውተሩ የሚያደርገው መስመሩን በዘፈቀደ ማደለብ ነው። በ«ጨ» እግሮች ላይ ያሉት ቀለበቶች ተደፍነው ጠፉና ሱቄ «ጠርቃ ጠርቅ» ሆኖ ቁጭ አለ። ገንዘብ ከፍዬ ይህን በሱቄ በር ላይ ልስቀል?

ከሥሩ ለሚገባው የእንግሊዝኛ ስም ግን ምርጫው ተትረፍርፎ ነበር። እርግጥ እንግሊዝኛው 26 ፊደል ሲኖረው፣ የእኛ ዋና ገበታ ብቻ 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ተባዝተው 231 ቅርጽ ይጠይቃል፤ ሥራው ከባድ መሆኑን ስለምረዳ ፎንት ለሚሠሩልን ሰዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ። የሚያንገበግበኝ ማስታወቂያ ሠሪው ያለውንም እንኳ ለመጠቀም አለመፈለጉ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው ፎንት ከስስ እስከ እጅግ ወፍራም 9 የውፍረት ደረጃዎች አሉት፤ የሚወርደውም በነጻ ነው። ስሙን በወረቀት ጽፌ ብሰጠው «ደንበኛ እኮ ይህን አያስተውልም» ብሎ መለሰልኝ። በብሩሽ የሚጽፉት የቀድሞ ታፔላ ጸሐፊዎች ፊደሉን ሲያወፍሩ ዓይኑን አይደፍኑም ነበር፤ ለአንባቢው ይጠነቀቁ ነበርና። ማስታወቂያ ሠሪው ቀብዱን አልመልስም ስላለኝ የሱቄ በር እስከ ዛሬ ያለ ስም ነው።