ምስጋና ለሰብለ አልቃሾች

የባሕር ዳር ወንድ ለሴት መብት አይቆረቆርም የሚል ሰው ካለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ዳር ብቅ ይበል። እኛን ያገኘናል። ማኪያቶ እናዛለን፣ መጽሐፍ እንገልጣለን፣ ለሰብለ ወንጌል እናለቅሳለን።

የጎጃም ልጆች ነንና ሰብለ እህታችን ናት። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ እስከ ዛሬ ድረስ አባቷን ፊታውራሪ መሸሻን ይቅር ያለ ወንድ በመካከላችን የለም። ለባላባት ካልሆነ አልድርም ብለው ልጅቱን ቤት አስቀሯት! አንዱ ወዳጄማ እዚህ ጋ ሲደርስ ድምፁ ይቆራረጣል። ባለፈው ቅዳሜም ተቆራረጠ። አባብለን ቤቱ አደረስነው። አምስት ሆነን። ሳንደውል።

ባለቤቱ ጓሮ ቁጭ ብላ ሁለት ቀረሶ ዓሣ ትፍቃለች። ቅርፊቱ ክንዷ ላይ ተለጥፎ እንደ ጥልፍ ያብለጨልጫል። ከሥራ ከገባች ግማሽ ሰዓት ቢሆናት ነው፤ የቢሮ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ወዳጄ «እንግዳ አለ» ብሏት አለፈ። በቃ። ይሄ ነው እምነት ማለት! ወንጌሉ ላይ ሁለት ዓሣ ለአምስት ሺህ ሰው በቅቷል፤ እኛ አምስት ብቻ ነን።

እራት እስኪደርስ ሕግ አነሳን። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ሾሞት ነበር። ባልየው ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ ደግሞ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ ትሥራ ይላል፣ ቁጥር 646 ላይ። እንዴት ያለ ኋላ ቀርነት ነው! በአንድ ድምፅ አወገዝነው። ደግነቱ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አደረጋቸው፤ ክልላችንም በ1995 የራሱን አወጣ። ወዳጄ ይህን ሲናገር ሞቅ አድርገን አጨበጨብን።

«መጣሁ፣ መጣሁ!» የሚል ድምፅ ከጓሮ ተሰማ።

የተጠራች መስሏት ነው። ማስታጠቢያ ይዛ እየሮጠች መጣች። በየተራ አስታጠበችን፤ እኛም ስለ እኩልነት የጀመርነውን አላቋረጥንም። እሷ ግን ባሏ እጅ ላይ ውሃ እያፈሰሰች፣ «ለመሆኑ ሰብለ ቤት ውሃ የሚቀዳው ማን ነበር?» አለች።

እርስ በርስ ተያየን። መጽሐፉን ሦስት ጊዜ የጨረሰው ወዳጄ እንኳ ሊመጣለት አልቻለም። ጥሩ ነጥብ ነው፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ መወያያ ይሁን ተባለ።

ወዳጄ ከዓሣው አንዴ ቀመሰና «ጨው ትንሽ አንሶታል» አላት፣ በጣም በትሕትና።