የሌለ ሩዝ ላይ ለተቀመጡ ጫኞች

ለክቡር የመጋዘን ሶፍትዌር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የጫኞች የመቆያ ክፍያ በየትኛው ኮድ እንደሚመዘገብ ስለመጠየቅ

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ከሙቀቱ፣ ከመብራቱና ከእርስዎ በስተቀር ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን የማክሰኞው ጉዳይ ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር አንድ መጋዘን በር ላይ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከጅግጅጋ የመጣ ነጋዴ አይሱዙውን አስጠግቶ ቆሟል። ገንዘቡን ከፍሏል፣ ደረሰኙን ይዟል። የሚጭነው 50 ኩንታል ሩዝ ነው፤ ባለ 50 ኪሎ 100 ጆንያ። ሩዙ ሰኞ ማታ በተሳቢ ከጅቡቲ ገብቶ እዚያው በሩ ጥግ ፓሌት ላይ ተደርድሯል። ስምንት ጫኞች ደግሞ ጥላ ፍለጋ ገብተው ጆንያው ላይ ተቀምጠዋል። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ የዕቃ ማውጫ ሰነዱን ቁጥር መቱ። እርስዎም በቀይ መለሱ፦ «በቂ ክምችት የለም። ቀሪ፦ 0»።

ነጋዴው ስክሪኑን አየ፣ ጫኞቹን አየ። «ጋሼ፣ እነዚህ ልጆች የተቀመጡት ምን ላይ ነው?»

እርስዎ ዘንድ ዕቃ መጋዘን ስለገባ ብቻ አለ አይባልም። መጀመሪያ ይረከቡታል፣ ቀጥሎ ጥራቱ ይፈተሻል፣ ከዚያ መደርደሪያ ላይ ወጥቶ የመደርደሪያው ባርኮድ በስካነር ይነበባል፤ ለሽያጭ የሚፈቀደው ያኔ ነው። እያንዳንዱን እርከን የሚያጸድቀው ሰው ደግሞ የተለያየ መሆን አለበት። መቶ ሰው ለሚርመሰመስበት የመድኃኒት ማከፋፈያ ጥሩ ጥበብ ነው፤ የተበላሸውን ያስለያል፣ ሌባም ያስፈራል። እዚህ ቤት ግን ተረካቢውም ፈታሹም ደርዳሪውም ጋሼ ናቸው። መደርደሪያም የለም። ስለዚህ ሦስት የተጠቃሚ ስም ተሰጥቷቸዋል፦ እንደ ተረካቢ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ እንደ ፈታሽ ይገባሉ፣ ራሳቸው የተረከቡትን ራሳቸው ይጠራጠራሉ፣ ይወጣሉ። ማክሰኞ መንገድ የተዘጋባቸው ሦስተኛው ላይ፣ ድርደራው ላይ ነው።

«ሀ-01-01-1» የሚባለው መደርደሪያ ስቲከር ብቻ ነው፤ የበሩ ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ስቲከሩ ያለ ሪቦን (ያለ ባለቀለም ጥብጣብ) በሙቀት ብቻ የሚታተመው ዓይነት ስለሆነ የድሬ ፀሐይ ጽሑፉን ልሳዋለች። ስካነሩ አላነብም አለ። በእጅ ለማስገባት የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ በስልካቸው የሚደርሳቸው ቁጥር ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ደወሌን ተሻግረው ጅቡቲ ገብተዋል፣ ሲሙ አይሠራም።

እስከ 6 ሰዓት ተጠበቀ። በድሬ 6 ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ ለድሬ ሰው አይነገርም፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ የጫኙ ልብ በርጫ ላይ ነው። በመጨረሻ ጋሼ አሮጌውን ቢን ካርድ፣ ገቢና ወጪ በእጅ የሚጻፍበትን፣ ከምስማሩ አውርደው «ወጪ 100» ብለው ጻፉና ፈረሙ። በ40 ደቂቃ ተጭኖ ሄደ። ማምሻውን ባለቤቱ ኔትወርክ አግኝተው ፈቃዱን ሲሰጡ፣ እርስዎ አረንጓዴ ሆነው ብቅ አሉ፦ «ቀሪ፦ 100»። ሽያጭ ክፍሉም አይቶ ለሌላ ሰው ሸጠው።

አቦ! አንተን ማን ነው እዚህ ያመጣህ? ጠዋት ያለውን የለም፣ ማታ የሌለውን አለ ትላለህ፤ «ጆንያውን የት አደረሱት?» ተብለው ረቡዕ ሁለተኛው ገዢ ፊት የቆሙት ግን ጋሼ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ቁልፍ ይዘው አንድ ጆንያ ያልጎደለባቸውን ሰው በልጆቻቸው እኩያ ፊት ሌባ አስመሰልካቸው። አንተ ምን አለብህ? አትጠየቅ፣ አትፈርም።

ይቅርታ፣ እርስዎ።

ጥፋቱ ሁሉ የእርስዎ አለመሆኑ ይታወቃል። የመረጡዎት ሰዎች ያዩት የመጋዘኑን ስፋትና የባለቤቱን ካፒታል ነው። መቆጠር የነበረበት ግን በቀን በማውጫ ሰነድ ላይ የሚጻፈው ረድፍ ነው፤ አንድ ዓይነት ዕቃ አንድ ረድፍ። 50 ኩንታል ሩዝ አንድ ረድፍ ነው። አንዲት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ግን እስከ ምሳ 40 ረድፍ ልታወጣ ትችላለች፤ ፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮ፣ ኩሽኔታ፣ ሁሉም እንደየመኪናው ይለያያል። ከሁለቱ ሶፍትዌር የሚያስፈልጋት ሱቋ ናት። አንድ በር፣ አንድ ቁልፍ ያዥ፣ በሩ ላይ ቆሞ በዓይን የሚቆጠር ዕቃ ያለው ቤት ቢን ካርድና ኤክሴል ይበቃዋል፤ ሊያፍርበትም አይገባም። ዓይነቱ መቶዎችን አልፎ ሽያጩ ከሒሳቡ አልታረቅ ሲል እንደ ፒችትሪ ያለው የሒሳብ ሶፍትዌር የራሱ የዕቃ ክፍል አለው፤ ስንት እንዳለ ይነግራል፣ የት እንዳለ አይነግርም። ሠራተኛው «ስንት ቀረ?» ከማለት ይልቅ «የት ነው ያለው?» እያለ መዞር ሲጀምር፣ ወይም እንደ ዱቄት ወተት ቀድሞ የሚበላሸው ቀድሞ መውጣት ሲኖርበት፣ ያኔ ነው ቦታ በቦታ የሚመዘግበው፣ ስካነር የሚይዘው ታናሽ ወንድምዎ የሚጠራው። እርስዎ ራስዎ፣ ትዕዛዝ በቡድን እያሰባሰቡ ከመደርደሪያ ዕቃ ለቃሚ የሚያሰማሩት፣ የትኛው ዕቃ ወደ በሩ ይጠጋ ብለው የሚያሰሉት፣ በደርዘን የሚቆጠር ለቃሚና በፎርክሊፍት የሚደረስበት መደርደሪያ ላለው ቤት ነዎት። ጋሼ ፎርክሊፍት የላቸውም፤ ስምንት ልጆች ናቸው ያሏቸው።

የቆየውን ቂም አናበዛም። «ስኳር»፣ «ሥኳር» እና «ሱካር» እርስዎ ዘንድ ሦስት ዕቃዎች ናቸው። በኩንታል አስገብተን በ50 ኪሎ ጆንያ ስናወጣ፣ አንዱ ኩንታል ሁለት ጆንያ መሆኑን የነገረዎት ስለሌለ ቀሪው ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጳጉሜን 3 ብለን ስንጽፍ «የተሳሳተ ቀን» ይላሉ። ክፍያዎንማ እንተወው፤ በአንድ ተጠቃሚ በወር 30 ዶላር ቢሉ፣ የዶላር ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት 1,700 ብር ገደማ ነበር፣ አሁን ከ3,000 በላይ ነው። ጋሼ ደግሞ ሦስት ተጠቃሚ ናቸው።

የምንለምነው ትንሽ ነው። ርክክብ በአንድ እርከን ይለቅ፤ ብዙዎቻችሁ ዘንድ ቅንብር ውስጥ ገብቶ አንድ ምርጫ መቀየር ነው። ስቲከሩ በሪቦን ይታተም፣ ከፀሐይ ይራቅ። ፈቃድ የሚሰጥ ሁለተኛ ሰው ድሬ ይኑር። ከመጫንዎ በፊትም የዕቃው ስም ዝርዝር ይጽዳ፤ አንድ ዕቃ በአንድ ስም፣ ከነመለኪያው። ወደ ሌላ ቤት ሽር ብለው ለማሳያ ሲቀርቡም በራስዎ ናሙና ዕቃ አይደለም የሚፈተኑት፤ ገዢው የሰኔን ማውጫ ሰነዶች ይዞ ይምጣ፣ የተመለሰና የተቀደደ ጆንያ ይኑርበት፣ መሐል ላይ ዋይፋዩ ይነቀል። ሲመለስ የተሠራው ካልጠፋ እንነጋገራለን።

የሚቀረው የጫኞቹ ገንዘብ ነው። ጫኝ የሚከፈለው በኩንታል ነው፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ለተቀመጡበት መቆያ ጠየቁ፣ ጋሼ ከኪሳቸው ሰጡ። ሊያስመዘግቡት ሲገቡ እርስዎ «ለየትኛው ዕቃ?» አሏቸው። ሩዝ ብለው ቢያስገቡ፣ በተጠቀሰው ሰዓት ሩዝ እንዳልነበረ ገልጸው መለሱባቸው። የሚገባበት ኮድ ተለይቶ ይገለጽልን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቢን ካርድ፣ በምስማሩ ላይ ባሉበት