ክኒኑን ጣል፣ ቅቤውን ጨምር

ሀገራችን ሐኪም አነሳት የሚል ማነው? ታክሲ ውስጥ ለጓደኛህ «ኮሌስትሮል አለብህ አሉኝ» ብለህ ሹክ በልና እየው። ከኋላ ወንበር ሁለት ስፔሻሊስት ይነሳልሃል። ረዳቱ ሦስተኛ ነው። ጋቢና የተቀመጠው ደግሞ ፕሮፌሰር ነው። ካርድ አውጣ የለ፣ ወረፋ የለ፣ ደም ስጥ የለ። ውጤትህን ሳያዩ ፍርዱ አንድ ነው፦ «ክኒኑን እንዳትነካው! ካንሰር ያመጣል።»

እነዚህን ባለውለታዎቻችንን ማመስገን ከነበረብኝ ቆየ። ሰሞኑን ግን ነገሩ ባሰብኝ።

ከጓደኞቼ ጋር ክትፎ ቤት ተቀምጠናል። አንዱ ወዳጃችን የኮሌስትሮል ክኒኑን፣ አቶርቫስታቲኑን፣ ሊውጥ ፓኬቱን አወጣ። ፊት ለፊቱ ያለው ሰውዬ እጁን ዘርግቶ ተቀበለው። ይህን ሰው እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በየገበታው አንድ አለ። ከፓኬቱ ውስጥ ያቺን ተጣጥፋ የማታልቅ ወረቀት ጎትቶ አወጣ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፣ የስልኩን ባትሪ አበራና ማንበብ ጀመረ። «ራስ ምታት… ማቅለሽለሽ… የጡንቻ ሕመም… ጉበት! አያችሁ? ጉበት!» ይህን ሲል አፉ ውስጥ ዱለት ነበር።

ካንሰር የሚል ቃል ፈልጎ አጣ። ይሸነፋል ብላችሁ? «እሱንማ መች ይጽፉታል!» አለ። ምርምር እንዲህ ነው። የተጻፈው ማስረጃ ነው፤ ያልተጻፈው ደግሞ የባሰ ማስረጃ ነው። ከዚያ ወደ አስተናጋጇ ዞሮ «እናት፣ ይሄ ደረቀብን፤ ቅቤ ጨመር አድርጊበት» አላት።

እሱን እያየሁ አንድ ነገር ተመኘሁ። ምነው ክትፎም እንደ ክኒኑ ወረቀት ቢኖረው!

«ይዘት፦ ቀይ ሥጋ፣ ንጥር ቅቤ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ። ጥቅም፦ ለደስታ፣ ለአማች፣ ለደሞዝ ቀን። አወሳሰድ፦ በኮቾ፣ እስኪጠግቡ፤ ከጠገቡም በኋላ ሰው ካጎረሰዎት። አንድ ቀን ከዘለሉ በማግስቱ እጥፍ ይውሰዱ፤ ድሮም የሚያደርጉት እሱን ነው። ጥንቃቄ፦ ከጎድን ጥብስና ከሦስተኛ ቢራ ጋር ሲወሰድ አንዱ ሌላውን ያባብሳል። በጣም የተለመዱ የጎንዮሽ ጉዳቶች፦ እንቅልፍ፣ ቀበቶ ማላላት፣ የሀገር ጉዳይ መተንተን። የተለመዱ፦ የሸሚዝ ቁልፍ መበጠስ። ጥሬውን ለሚወስዱ፦ የኮሶ ትል። ዓመታት ቆይቶ የሚታይ፦ የደም ሥር መጥበብ። ክትፎ ወስደው መኪና አይንዱ፣ ከባድ ማሽን አያንቀሳቅሱ፣ ዋስ ሆነው አይፈርሙ። ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ፣ በተለይ ጣባው ሊያልቅ ሲል። ደረትዎን ከተጫነዎት መብላትዎን ያቁሙና ሒሳብ የሚከፍለውን ሰው ያማክሩ። ምልክቱ ከቀጠለ ለስላሳ ይዘዙ። ለስላሳው ካልሠራ አረቄ። አረቄው ካልሠራ፣ ጠረጴዛው ላይ ሐኪም ስለማይጠፋ አይጨነቁ።»

ሰውዬው ይቺን ወረቀት ቢያገኛት የሚያነባት ይመስላችኋል? እጁን ይጠርግባታል።

ላለመዋሸት፣ የካንሰሩ ወሬ እንዲያው ከሰማይ የወረደ አይደለም። አኪራ ኤንዶ የሚባል ጃፓናዊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከ6,000 በላይ የፈንገስ ዓይነቶችን ሲፈትሽ ከርሞ፣ ከሩዝ ላይ ከተገኘ ሻጋታ የመጀመሪያውን ስታቲን፣ የወዳጃችንን ክኒን ወገን፣ አወጣ። ሰውነታችን አብዛኛውን ኮሌስትሮል የሚሠራው ራሱ ነው፤ ስታቲን ጉበት ውስጥ ያንን የሚሠራውን ኢንዛይም ያዝ ያደርገዋል። በ1980 ግን በጣም ከፍተኛ መጠን በተሰጣቸው ውሾች ላይ ካንሰር የመሰለ ነገር ታየ ተባለና የኤንዶ ኩባንያ ሥራውን አቆመ። ተመሳሳይ መድኃኒት የያዘው የአሜሪካው ሜርክም ደንግጦ አቆመ። እንደገና ሲመረመር የሜርክ መድኃኒት ላይ ስጋቱ አልጸናም። ያው መድኃኒት፣ ሎቫስታቲን፣ በ1987 ፈቃድ አገኘ። በ1994 በ4,444 የስካንዲኔቪያ የልብ ሕሙማን ላይ የተደረገ ሙከራ ሲታተም፣ ሲምቫስታቲን የሚባለውን ሌላ ስታቲን በወሰዱት ዘንድ ሞት በ30 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በ2012 ደግሞ የ27 ሙከራዎች፣ የ175,000 ሰዎች መረጃ አንድ ላይ ታየ። ስታቲን በወሰደውና ባልወሰደው መካከል፣ በካንሰር በመያዝም ሆነ በካንሰር በመሞት ልዩነት አልታየም።

እንግዲህ ወሬው በ1980 ተነስቶ እኛ ጠረጴዛ የደረሰው አሁን ነው። በበቅሎ መጥቶ መሆን አለበት። እርማቱ ገና መንገድ ላይ ነው።

የሚገርመው፣ ሰውዬው ከክኒኑ ወረቀት ላይ በእውነት ሊጠየቅበት የሚገባውን ነገር ዘለለው። ስኳርን። ስታቲን የደም ስኳርን በትንሹ ከፍ ያደርጋል። በ2010 የታተመ ትንተና፣ 255 ሰዎች ለ4 ዓመት ቢወስዱት አንድ ተጨማሪ ሰው የስኳር ሕመምተኛ ይሆናል ብሎ አስልቷል፤ ብዙውን ጊዜም ቀድሞውኑ ድንበሩ ላይ የነበረ ሰው። እዚህ ጋ ነው ስለ ቦርጭ፣ ስለ እግር ጉዞ፣ ስለ ምግብ መነጋገር የነበረብን። ፕሮፌሰራችን ግን ቡናው ውስጥ ሦስተኛውን ማንኪያ ስኳር እያማሰለ ስለነበር አላየውም።

ቡናውን ጨርሶ ሊያጨስ ወጣ። የፓኮው 70 በመቶ በማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይቺ በእኛ አቆጣጠር ናት) ያዛል። ጽሑፉ ትልቅ ነው፣ ሥዕል አለው፣ የስልክ ባትሪ አይፈልግም። ካንሰር የሚለው ቃልም አለ። ካንሰርን እንዲህ የሚፈራ ሰው ያንን አለማየቱ መቼም የዓይን ችግር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አልኮልን ካንሰር አምጪ ብሎ የመዘገበው በ1988 ነው። በ2015 እንደ ቋሊማ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ እዚያው መዝገብ ውስጥ ጨመረው፤ ቀይ ሥጋን ደግሞ «ሳያመጣ አይቀርም» ከሚባሉት መደበው። በ2016 ከልክ ያለፈ ውፍረት ከ13 የካንሰር ዓይነቶች ጋር እንደሚያያዝ ተናገረ። ይሄ ሁሉ ወሬ ክትፎ ቤት አይገባም። በሩ ላይ ይመለሳል።

ሌላም ምስጋና የሚገባው አለ፤ የሰሙነ ሕማማት ሳይንቲስት። ዐቢይ ጾምን ሥጋና ቅቤ ሳይነካ ይከርምና በመጨረሻው ሳምንት ደሙን ያስመረምራል። ቁጥሩ ወርዷል። «ዳንኩ!» ይልና ክኒኑን ይጥላል። የፋሲካ ማግስት ግን ለምርመራ አይሄድም፤ ዶሮውን ማን ይበላለታል? ደግሞ ጾም ነው ብሎ ሽሮውን ያንሳፈፈበት የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ያው ደም ሥር የሚያስቸግረው ዓይነት ስብ ነው። በሬ ስላልሞተበት ብቻ ይምረዋል።

አንዱ ደግሞ አንብቦ የመጣ ነው። «ኮሌስትሮል ሲያንስ ካንሰር ይመጣል፤ ጥናት አለ» ይላል። ያነበበው ተገልብጦበት ነው። ተደብቆ ያለ ካንሰር ገና ሳይታወቅ ኮሌስትሮልን ሊያወርድ ይችላል። ሌባው ከወጣ በኋላ የደረሰውን ፖሊስ ሌባ ነህ ማለት ነው የያዘው።

የሰፈራችን አንዲት እናት ልባቸውን ታመው ስቴንት፣ የጠበበ ደም ሥር የሚከፍት ትንሽ ቱቦ፣ ገብቶላቸው ነበር። ሐኪሙ ስታቲኑን እንዳያቋርጡ ደጋግሞ ነግሯቸዋል። አንድ ማኅበር ላይ እንዲሁ አንድ ሰው ወረቀቷን አነበበላቸው። አቆሙ። ለልጆቻቸውም አልተናገሩም። ወራት ቆይቶ ልባቸው እንደገና ተመታ። ባያቋርጡ ኖሮ አይመታቸውም ነበር ብዬ አልምልም። ዛሬ ግን ከአልጋቸው እስከ በሩ መሄድ ያደክማቸዋል። ሰውዬው በፌስታል ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጥቁር አዝሙድ በማር ቢሞክሩ።»

አታፍርም? አንተ ስትሳሳት ምን ታጣለህ? ምንም። ሐኪም ቢሳሳት ስሙ ካርዱ ላይ አለ፣ ፊርማው አለ፣ የሚጠየቅበት ቦታ አለ። አንተን የት ሄደን እንክሰስህ? ጡንቻዬን አመመኝ የሚል ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል። መጠን ይቀነስለታል፣ ዓይነት ይቀየርለታል። ያንን የሚያደርገው ያዘዘለት ሰው ነው። የሰው እናት መለማመጃ አይደለችም። እጅህን አንሳ።

በሉ፣ ወደ ምስጋናችን። ከአሜሪካ የሚመጣው ዘመዳችን ይቀረኛል። እሱ እንደ ሌሎቹ አስቁሞ ብቻ አይሄድም፤ ምትኩን በሻንጣ ይዞ ነው የሚመጣው። «ኬሚካል ተዉ፤ ተፈጥሮ ውሰዱ» ይላል። ዘንድሮ ያመጣው ጠርሙስ ቀይ እርሾ ሩዝ ነው። ቀይ ሻጋታ ያበቀለ ሩዝ ተፈጭቶ በካፕሱል የታሸገ። ውስጡ ሞናኮሊን ኬ የሚባል ነገር አለ። ሞናኮሊን ኬ ማለት ደግሞ ሎቫስታቲን ነው። ዘመድ አይደለም፣ የአጎት ልጅ አይደለም፤ ራሱ ነው። ልዩነቱ፣ በአንዱ ጠርሙስ ብዙ፣ በሌላው ጥቂት መሆኑ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 በቀን ከ3 ሚሊግራም በታች እንዲሆን የወሰነው ወዶ አይደለም።

ከሩዝ ሻጋታ የተወለደ የመድኃኒት ወገን አስጥሎ፣ ያንኑ ወገን በሩዝ ሻጋታ፣ ያለ ልክ፣ በዶላር። እንዲህ ያለ ንግድ አድንቄ አልጠግብም።

«ይሄኮ ያው ስታቲኑ ነው» አልኩት።

«ኧረ በጭራሽ! ይሄ የጎንዮሽ ጉዳት የሚባል ነገር የለውም።»

ካርቶኑን ከፍቼ አየሁት፣ አራገፍኩት። እውነቱን ነው። ወረቀት የለውም።