ለጥቂት ተረፍን ለምንል ሁሉ

ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ ነው። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ከውስጥ ለውስጥ መንገድ ወደ ዋናው አስፋልት እየወጣሁ ነው። ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ። ያየሁ መሰለኝ ብል ይሻላል። ጭኔ ላይ ያስቀመጥኩት ስልክ ንዝር አለ። ማን እንደሆነ ለማየት ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል አንድ ሞተረኛ አፍንጫዬ ስር ደርሷል።

የኋላ ጎማው እርጥቡ አስፋልት ላይ ወደ ጎን ሸርተት አለ። በአንድ እግሩ መሬቱን እየፈገፈገ ሞተሩን እንደምንም አቀናው። ከመኪናዬ ኮፈን አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልሰደበኝም። የሄልሜቱን መስታወት ከፍ አድርጎ አየኝ። እንዲህ ያለ ነገር በቀን ስንቴ እንደሚገጥመው ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ከዚያ ማርሽ አስገብቶ ሄደ።

እኔስ? «ተመስገን!» አልኩና ነዳሁ። ቤት ገብቼ ደግሞ ለባለቤቴ እንዲህ አልኳት፦ «ዛሬ አንድ ሞተረኛ ሊገባብኝ ለጥቂት!»

ይህችን አነጋገር ልብ በሉልኝ፣ ወገኖቼ። ለእናንተም አዲስ አይደለችም። «አንዱ መጥቶ ፊቴ ድንቅር አለ።» «አንዷ ያለ ፍሬቻ ታጠፈችብኝ።» «የከባድ መኪናው ሾፌር ሊጨፈልቀኝ ነበር።» ስለ መንገድ ስናወራ ሁላችንም ተበዳዮች ነን። በዳዩ ታዲያ የት ነው የሚያድረው? ያ ሁሉ ፊታችን የሚደነቀር ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ ስለ እኛ ምን እያለ ይሆን?

እውነቱን እንነጋገር። «ለጥቂት ተረፍኩ» ካልንባቸው ቀናት ስንቱን ያተረፈን የሌላ ሰው ፍሬን ነው? ወይ አንዱ ወደ ዳር ወጣልን፣ ወይ እግረኛው ወደ ኋላ ዘለለልን። በሰው ንቃት ላይ በዱቤ እየነዳን ነው። ዱቤ መሆኑን ግን ረስተን «እኔ እኮ ስንት ዓመት ስነዳ አንድ ቀን ተጋጭቼ አላውቅም» እንላለን። ስንቱን አጋጭተን እንደሄድን በምን እናውቃለን? ወደ ኋላ አናይማ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በመንገድ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይሞታል ይላል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል አንደኛው ምክንያት ይኸው ነው። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ቆርቆሮ የሌላቸው ማለት ነው። የእኔ ሞተረኛ እዚህ ቁጥር ውስጥ ያልገባው በአንድ ክንድ ነው።

ስልኩን እናንሳ፣ ጥፋቱ የኔም ነውና። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። መልእክት ለማየት ሦስት ሰከንድ ብታጎነብስ 50 ሜትር ሄደሃል። ዓይንህን ጨፍነህ 50 ሜትር ንዳ ብልህ ታብዳለህ ወይ ትለኛለህ። ስልክ ይዘህ ግን በቀን አሥሬ ታደርገዋለህ። «እኔ በጆሮ ማዳመጫ ነው የማወራው» የምትልም አለህ። እጅህ ነፃ ወጣ፤ ሐሳብህስ? ከሰው ጋር እየተጨቃጨቅህ የደረስክበትን መንገድ እስቲ አስታውሰው። ስንት መብራት አለፍክ?

ሁለተኛው በሽታችን ተለጥፎ መንዳት ነው። ፊት ያለውን መኪና ካልተለጠፍንበት የምንዘገይ ይመስለናል። ከኋላ ሆነን መብራት ብልጭ እናደርጋለን፣ ክላክስ እንጫናለን። ፊት ያለው ሰውዬም ፊቱ መኪና አለ እኮ! የት ይግባልህ? ይብረር?

ሰው አደጋ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። መኪናው በ60 የሚሄድ ከሆነ ፍሬኑ ገና ሳይነካ 17 ሜትር አለቀ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ደረቅ አስፋልት ላይ እንኳ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ዝናብ ካለ፣ ጎማው ካለቀ፣ ጭነት ካለ አትጠይቁኝ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን በትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ መሪ ስንጨብጥ ነው የሚጠፋብን። ለማንኛውም መላው ቀላል ነው። ፊት ያለው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ ሰከንድ ቁጠር። ሁለት ሳትሞላ አንተም ምሰሶው ጋ ከደረስክ ተለጥፈሃል። ዝናብ ከሆነ እጥፍ አድርገው።

«ክፍተት ከተውኩ ሌላው ይገባበታል» ትላላችሁ። ይግባ! አንድ መኪና ቢገባ የምትዘገየው ሰከንድ ነው። የመለጠፍ ዋጋ ከዚያ ይበልጣል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። ዙሪያው 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ 22 መኪኖችን አሰልፈው፣ ሁሉም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲነዱ ነገሯቸው። መብራት የለም፣ መታጠፊያ የለም፣ የተበላሸ መኪና የለም። መጀመሪያ ሁሉም በሥርዓት ዞሩ። ብዙ ሳይቆይ አንዱ ትንሽ ሲቀንስ የኋላው የባሰ ቀነሰ፤ የእሱም ኋላ የባሰ። በመጨረሻ ከመካከላቸው ጭራሽ የሚቆሙ ተገኙ። መንገዱን የዘጋ ነገር የለም፤ ራሳቸው ናቸው የዘጉት። እኛም መጨናነቁ ሲለቅቅ «እና ምን ሆኖ ነበር?» ብለን ዙሪያችንን የምናየው ለዚህ ነው።

ቸኩለን የምናተርፈውንም እናስላው። አሥር ኪሎ ሜትር በ60 ስትነዳ 10 ደቂቃ ይፈጃል። በ80 ስትነዳ 7 ደቂቃ ተኩል። ያውም መንገዱ ክፍት ከሆነ። ለሁለት ደቂቃ ተኩል ብለን ኩርባ ላይ ደርበን እንቀድማለን፣ ከፊት የሚመጣውን ሰው ገደል አፋፍ እናስወጣለን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ። እዚህ ግን የሚፈሰው የሚለቀም አይደለም።

ደግሞ ዜብራው። በጣም የሚያናድደኝ ይህ ነው። አንዱ ጨዋ ለእግረኛ ይቆማል። ከኋላው ያለው «ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?» ይልና መሪውን ቆልምሞ በጎኑ ያልፋል። ዜብራ ላይ የቆመ መኪና ለምን እንደቆመ ለመገመት ስንት ዓመት መማር ያስፈልጋል? እግረኛዋ የቆመላትን አምና ነው የገባችው። ቁመቷ ከቆመው መኪና በታች ከሆነ አንተም አታያትም፣ እሷም አታይህም። የመጀመሪያው ሾፌር ደግነት ወጥመድ ሆነባት ማለት ነው። አንድ መኪና ዜብራ ላይ ቆሞ ካየህ አንተም ቁም። ምክንያቱን አትጠይቅ።

ፍሬቻን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ከታጠፉ በኋላ ማሳየት ታሪክ መንገር ነው። ረጅም መብራትም ያው ነው። ከፊትህ የሚመጣውን ሰው ስታሳውረው፣ ያ የታወረው ሰው ወዴት እየመጣ እንደሆነ አስበው። ወደ አንተ ነው።

ቀበቶ ግን አላልፈውም። የትራፊክ ፖሊስ ሲያዩ እየነዱ የሚጎትቱትን ሳይ ትዝ የሚለኝ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት ነው። ይህን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ በ1959 እ.ኤ.አ. ለቮልቮ የሠራው ኒልስ ቦሊን የሚባል ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው። ኩባንያው ሌሎች ፋብሪካዎችም በነፃ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። በነፃ የተሰጠንን ነገር ከወንበሩ ጀርባ ቆልፈን የደወሉን ድምፅ የምናታልል ጉዶች ነን። ከኋላ የሚቀመጡትም ቢሆኑ አያመልጡም። ግጭት ሲመጣ ያልታሰረ ሰው ፊት ለፊቱ ባለው ሰው ላይ ነው የሚወረወረው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ በቀል። አንዱ ሲገባብን ልንበቀለው እናሳድደዋለን። እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ጊዜ ሁለት መስቀለኛ መንገድ ሙሉ የማላውቀውን ሰው አሳደድኩ። መብራት ላይ ስደርስበት መስኮቴን ዝቅ አደረግኩ። ሰውዬው ግን አላየኝም። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ያለቅሳል። መስኮቴን መልሼ ዘጋሁ።

ወደ ሞተረኛዬ ልመለስ። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከሁሉም በላይ ከጆሮዬ ያልጠፋው ጫማው አስፋልቱን ሲፍቅ የሰማሁት ድምፅ ነው። ጠዋት ባለቤቴን «ያ ሞተረኛ አልገባብኝም» አልኳት። «እኔ ነኝ የገባሁበት። ስልክ እያየሁ።»

ትንሽ ዝም ብላ አየችኝ።

«ታዲያ ፍሬን የያዘው ማነው?»

«እሱ» አልኳት።