«ከቅጠል ነው፣ አይጎዳም» አትበሉን

ሰሞኑን አንዲት የቦርጭ ማጥፊያ ሻጭ በቲክቶክ ላይቭ ስታወራ ሰማሁ። አንዱ ተመልካች «ግፊት አለብኝ፣ ልውሰደው?» ብሎ ጠየቃት። «ከቅጠል የተሠራ ነው፤ ምንም የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» አለችው። ሐኪምህን ጠይቅ እንኳ አላለችም። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

ከቅጠል ከሆነስ? እንዶድም ተክል ነው። ልብስ እናጥብበታለን እንጂ ጠዋት ጠዋት አንጠጣውም። ኮሶም ከዛፍ ነው የሚለቀመው። አያቶቻችን ግን ልኩ ካለፈ ሰው እንደሚጎዳ ያውቁ ነበርና እየመጠኑ ነው የሚሰጡት። ኤፌድራም ቁጥቋጦ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስንቱ ለመቅጠን ብሎ ዋጠው። ግፊት ሰቀለ፣ ልብ አወከ፣ ሰው ሞተበት። በመጨረሻ በ2004 እ.ኤ.አ. ከገበያ ታገደ። ቅጠል መሆኑ ማንን አዳነ?

ደግሞ ቅጠል ብቻ በሆነ! ሲቡትራሚን የምግብ ፍላጎት የሚዘጋ መድኃኒት ነበር። ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ እንደሚያጋልጥ ስለታወቀ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአውሮፓም ከአሜሪካም ገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የት የት ተገኘ? «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» በሚሉ የማቅጠኛ እንክብሎች ውስጥ፣ ስሙ ማሸጊያው ላይ ሳይጻፍ። ይህን የሚገዛው ማነው? ወፍራም ሰው ነው። ግፊቱም ስኳሩም ብዙ ጊዜ አብረውት ያሉት እሱ ነው። ማንም ሊነካው የማይገባውን ነገር መርጠው ለእሱ ይሸጡለታል።

«እኔ ግን ቀንሻለሁ» የሚሉ አሉ። ራት ትታችሁ፣ ለስላሳ ትታችሁ ነዋ! ምስጋናውን እንክብሉ ወሰደው።



አክስቴ አንዱን ገዝታ ጀመረች። በሦስተኛው ቀን ቤቷ ስሄድ ዓይኗ ቀልቷል። ልቧ ሲደልቅባት ቁጭ ብላ ነው ያነጋችው። ኮመዲኖው ላይ የግፊት ኪኒኗና የማቅጠኛው ብልቃጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ብልቃጡን አገላብጬ አየሁት። የአንዲት ቀጭን ሴት ፎቶና ሁለት አረንጓዴ ቅጠል አለበት። ውስጡ ምን እንዳለ የሚናገር አንድ መስመር የለም። ሻጩ ጋ ደውላ የሆነችውን ነግራው ነበር።

«ማዘር፣ ስቡ እየቀለጠ ነው፤ እንዳያቋርጡት» ነው ያላት።